ያረጀ ሞተርና የአዲቲቭ ጠርሙስ፦ ከማፍሰሳችሁ በፊት ለኩ

መኪናዬ 280,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ዘይትማ ይጠጣል ብል ይቀለኛል። መካኒኩ አንዴ አየት አድርጎ "ሞተሩ መውረድ አለበት" አለኝ። ሞተር ማውረድ ስሙ ብቻ ኪስ ያስደነግጣል። ወዲያው አንድ ወዳጄ "ለምን አዲቲቭ አትጨምርበትም? እኔ ጨምሬ ጸጥ ብሎልኛል" አለኝ። አዲቲቭ ማለት ወደ ሞተር ዘይት የሚጨመር ፈሳሽ ነው።

ጨመርኩ። አንድ ሳምንት ጸጥ አለ፤ በሁለተኛው ሳምንት ያው ሆነ። ከወራት በኋላ ሌላ ዓይነት ሞከርኩ፤ እሱ ሠራ። ሁለተኛው ጠርሙስ ተአምር ስለነበረው አይደለም። ከማፍሰሴ በፊት ሞተሩ ምን እንደሆነ ለክቼ ስላወቅሁ ነው። ይህ መመሪያ የዚያ ልኬት ነገር ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። "ሞተሩ አርጅቷል" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እንጠራለን። አንዱ ብረት መበላቱ ነው፤ ሲሊንደሩ ሰፍቷል፣ ፒስተኑን የከበበው ቀለበት (ፋሻው) ሳስቷል፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚ ተልጧል። ሌላው ቆሻሻና የደረቀ ጎማ ነው፤ ፋሻው በካርቦን ተጣብቋል፣ የዘይት መንገዶች ጠበዋል፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ (ፓራሊዮው) ደርቆ ጠንክሯል። በፈሳሽ ቆሻሻ ማጠብና ጎማ ማለስለስ ይቻላል። የተበላ ብረት ግን በፈሳሽ አይተካም። ጠርሙሱ ላይ "ብረት ይሞላል" ተብሎ ቢጻፍም አይሞላም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዘይት ስትገዙ አዲቲቭ አብራችሁ ገዝታችኋል። ከአንድ ሊትር የሞተር ዘይት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶው አዲቲቭ ነው። የሚያጥበው፣ ቆሻሻውን አንጠልጥሎ የሚይዘው፣ አረፋ የሚከላከለው፣ ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚረዳው፣ ብረትና ብረት እንዳይፋጭ የሚጠብቀው የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ፣ ሁሉም ተመጥኖ ገብቷል። ከላይ ሌላ ጠርሙስ ማፍሰስ ማለት ሌላ ሰው የቀመመውን ሳታዩ መቀመም ነው። አንዳንዴ ይጠቅማል፣ ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም፣ አልፎ አልፎ ያበላሻል።

ደረጃ 1፦ ስንት እንደሚበላ ለኩ

"ዘይት ይበላል" ስሞታ እንጂ መለኪያ አይደለም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ዘይቱ ወደ ታች ይውረድ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱት፣ እንደገና አውጥታችሁ እዩት። እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ።

ከዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ንዱ። እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው መንገድ ለኩ። ወደ ላይኛው ምልክት ለመመለስ ስንት ሚሊ ሊትር ጨመራችሁ? ቁጥራችሁ ይህ ነው። ጻፉት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ቢበላ ችግር የለም ይላሉ። በእኔ ግምት ይህ ለመኪናው ሳይሆን ለዋስትና ክፍላቸው የተጻፈ ነው። ግን የናንተ ቁጥር 200 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ ላረጀ ሞተር ምንም አይደለም። እያያችሁ ጨምሩበትና ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ቀሪውን ማንበብም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ይፈሳል ወይስ ይቃጠላል?

ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹህ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ ካለ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከማርሽ ወይም ከመሪ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ከራዲያተር ነው፤ ሁለቱም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደሉም።

ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። መቼ እንደሚወጣ ግን ከቀለሙ በላይ ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ጨሶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቅቃችሁ ቆይታችሁ እንደገና ስትረግጡ የሚወጣ ከሆነ፣ የቫልቭ ጎማዎቹን (በቫልቮቹ ዙሪያ ዘይት የሚይዙትን) ጠርጥሩ። ዳገት ላይ ስትረግጡ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ ፋሻውን ጠርጥሩ። ሲሞቅም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ውኃ ነው፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ይህን ማንኛውም የዘይት አዲቲቭ አይነካውም። ጥቁር ጭስ ደግሞ የነዳጅ ብዛት ነው።

ደረጃ 3፦ ሁሉም የሚረሳት ቫልቭ

ይህቺ ደረጃ ብዙ ሰው የዘለላት፣ እኔም የዘለልኳት ናት። በፋሻዎቹ በኩል ሁልጊዜ ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል። ያ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። ፒሲቪ የምትባለው ትንሽ ቫልቭ ጋዙን ወደ አየር መግቢያው ትመልሰዋለች። እሷ በዝቃጭ ከተደፈነች የሞተሩ ሆድ ይነፋል። የተነፋ ሆድ ዘይቱን በደከመው ፓራሊዮ ሁሉ ይገፋዋል፣ ወደ አየር መግቢያም ይተፋዋል። ሰው ሞተር ያወርዳል፣ ጥፋተኛዋ ግን አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ቫልቯን ንቀሉና ጆሮአችሁ አጠገብ አራግፉ። ካንኳኳች ውስጧ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ድምፅ ከሌላት ተጣብቃለች፤ ቀይሯት። የእኔን ስነቅላት ጥቁር ቅባት ይዛ ወጣች፤ ባራግፋት ባራግፋት ዝም። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ቫልቯ ከቫልቭ ክዳኑ ጋር አንድ ሆና ስለተሠራች እንዲህ አትነቀልም። ያኔ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ቀዳዳው ላይ ቀጭን ወረቀት አድርጉ። ቀስ ብሎ ከተሳበ ደህና ነው። እየገፋ ካነሳው ወይ ቫልቯ ተደፍናለች፣ ወይ ከፋሻው በኩል የሚያመልጠው ጋዝ በዝቷል።

ክዳኑን ስትከፍቱ በዚያው ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የሻይ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን የተለመደ ነው። እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቁር ነገር ካያችሁ ግን አስታውሱት፣ ደረጃ 6 ላይ ወሳኝ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ኮምፕሬሽን ለኩ

ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ከሌላችሁም ጋራዥ ውስጥ አይጠፋም። የምናገረው ስለ ቤንዚን ሞተር ነው።

ሞተሩን አሙቁና አጥፉ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጡ፣ የእሳት ማቀጣጠያውን ሶኬቶች ንቀሉ። ካንዴላዎቹን (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጡትን) በሙሉ አውጥታችሁ በተራ አስቀምጧቸው፤ የቱ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ማወቅ አለባችሁ። ጫፉ በዘይት የራሰ ካንዴላ ካለ የት እንደምትፈልጉ ነግሯችኋል። መለኪያውን በመጀመሪያው ቀዳዳ አጥብቁ። ሌላ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሩን በቁልፍ ያዙር፤ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ እስኪገፋ። ቁጥሩን ጻፉ። ለሁሉም ሲሊንደር እኩል አዙሩ። ባትሪው ከደከመ ቁጥሩ ይዋሻል።

ጤነኛ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ125 እስከ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) መካከል ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ አንድ ነገር አለ።

የእኔ 165፣ 160፣ 115፣ 162 ነበር። ሦስተኛው ወድቋል። አሁን ጥያቄው በየት በኩል ያመልጣል ነው። በዚያ ሲሊንደር ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፈሰስኩና እንደገና ለካሁ። 155 ሆነ። ዘይቱ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ዘጋው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ፋሻው ጋር ነው። ቁጥሩ ባይነቃነቅ ኖሮ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን ይሆን ነበር። ይህን ዘዴ ናፍጣ ሞተር ላይ አትሞክሩት። የሚጨመቅበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ የፈሰሰው ዘይት ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል።

ፋሻ ሲባል ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ ያለቀ ፋሻ አለ፣ የተጣበቀ ፋሻ አለ። ያለቀ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ሲሊንደሮች ተያይዘው ይወርዳሉ። አንዱ ብቻ ሲወድቅ፣ በተለይ መኪናው ዘይት ሳይቀየርለት ብዙ ከሄደ ወይም ረጅም ጊዜ ከቆመ፣ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አያደርግም፤ ሲሰበርም እንዲሁ ነው። ግን ለመሞከር በቂ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ የዘይት ግፊት

ዳሽቦርድ ላይ ያለው መብራት አይበቃም፤ እሱ የሚበራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የግፊት ማሳወቂያውን ንቀሉና በቦታው የእጅ ጌጅ ግጠሙ። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ለኩ። በደፈናው ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር ወደ 10 ፒኤስአይ ይጠበቃል፤ የመኪናችሁ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከታች ደግሞ ወፍራም የማንኳኳት ድምፅ ካለ ብሮንዚው ተበልቷል። እዚህ ላይ ጠርሙስ መግዛት ጥርስ ለተነቀለ ሰው ብሩሽ እንደመግዛት ነው።

ደረጃ 6፦ አሁን ጠርሙሱን ምረጡ፣ ወይም ተዉት

ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ መደርደሪያው ሂዱ። የመጀመሪያው ዓይነት እንደ ማር የሚዝረከረከው አወፋሪ ነው፤ "ጭስ ያቆማል፣ ድምፅ ያጠፋል" የሚለው። ውስጡ በአብዛኛው ዘይትን የሚያወፍር ፖሊመር ነው። ይሠራል ወይ? ለጊዜው አዎ። በሰፋ ክፍተት ወፍራም ዘይት ቀስ ብሎ ያመልጣል፤ ስለዚህ ጌጁ ከፍ ይላል፣ ድምፁ ይታፈናል። ግን ግፊት ከፍ አለ ማለት ዘይት በዛ ማለት አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ሞተር በጣም የሚበላው ደግሞ ያኔ ነው። የቫልቭ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚቀያይሩ ሞተሮች ላይ ሌላም ጣጣ ያመጣል። ፖሊመሩም በጊዜ ብዛት እየተቆራረጠ ይቀጥናል። የእኔ የመጀመሪያ ጠርሙስ ይህ ነበር።

ማወፈር ካስፈለገ የተሻለ መንገድ አለ። የመኪናው መጽሐፍ የሚፈቅድ ከሆነ ዘይቱን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ለምሳሌ ከ5ደብሊው-30 ወደ 5ደብሊው-40። ያው ውፍረት ነው፣ ግን ተመጥኖና ተፈትኖ የተሠራ።

ሁለተኛው ዓይነት ጎማ አለስላሽ ነው። የደረቀ ፓራሊዮ ትንሽ እንዲያብጥና እንዲለሰልስ ያደርጋል። ቀስ ብሎ ለሚያንጠባጥብ፣ ወይም ጠዋት ብቻ በቫልቭ ጎማ ለሚያጨስ ሞተር መሞከር ያዋጣል። ውጤቱን በአንድ ቀን አትጠብቁ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይፈልጋል። የተቀደደ ጎማን ግን አይሰፋም። ከ120,000 ኪሎ ሜትር በላይ ለሄዱ መኪኖች ተብለው የሚሸጡት ዘይቶች ይህ ነገር ውስጣቸው አለ፤ እኔ ከጠርሙሱ ይልቅ እነሱን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው አጣቢ ነው። ዘይት ከመቀየራችሁ በፊት ትጨምሩታላችሁ፣ ሞተሩን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ልክ በሚኒሞ ታሠሩታላችሁ፣ ከዚያ ዘይቱን ከነፊልትሮው ትቀይራላችሁ። ይህ ነገር ውስጡ እያለ መንዳት የለም፤ ዘይቱን አቅጥኖታል። የሚያንኳኩ የሃይድሮሊክ ቫልቭ መግፊያዎች በቆሻሻ ተጣብቀው ከሆነ አንዳንዴ ጸጥ ያደርጋቸዋል። አሁን ደረጃ 3 ላይ ያየነውን ሬንጅ አስታውሱ። ያ ካለ አጣቢ አታፍስሱ። ተላቆ የሚወርደው ዝቃጭ የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ሊደፍነው ይችላል፤ ከዚያ ሞተሩ በደረቁ ይሄዳል። እንዲህ ላለ ሞተር የዘይት ማጠራቀሚያውን አውርዶ ወንፊቱን ማጽዳት፣ ከዚያም ጥሩ ዘይት ሞልቶ በየ2,000 ወይም 3,000 ኪሎ ሜትሩ ጥቂት ጊዜ መቀየር ነው የሚሻለው። አሰልቺ ነው። ግን ይሠራል።

አራተኛው "ብረቱን ይሸፍናል" የሚባለው ነው። ቴፍሎን፣ ሞሊብዲነም፣ ሌላም ሌላም። ስለ ቴፍሎኑ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስሊክ 50 የተባለውን ታዋቂ አዲቲቭ፣ ሞተር መበላትን ይቀንሳል የሚለውን ማስታወቂያ የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የላችሁም ብሎ ከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላም ሌሎች ጠርሙሶች ተመሳሳይ ክስ ደርሷቸዋል። ሞሊብዲነም በአንጻሩ ሰበቃ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ለዚህም ብዙ ዘይቶች ውስጥ ቀድሞውኑ ገብቷል። ያለቀ ፋሻ ግን አይመልስም።

የሚሽከረከር ቀለበት ላይ ብረት የሚጫንበትን ትርኢት አይታችሁ ይሆናል። በተራ ዘይት ብረቱ ጮኾ ይቆማል፤ አዲቲቩን ጠብ ሲያደርጉበት ይንሸራተታል። ጭብጨባ ይቀልጣል። ያ ማሽን የሚፈትነው በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ከፍተኛ ጫናን ነው። ሞተር ውስጥ ብሮንዚ የሚሽከረከረው በዘይት ፊልም ላይ ተንሳፍፎ ነው። በዚያ ማሽን ላይ ጎበዝ የሚሆኑት ክሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች ናቸው፤ ክሎሪን ደግሞ ሞተር ውስጥ ሲሞቅ አሲድ ሆኖ ብረት ሊበላ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የክሎሪን ውሁድ ካነበባችሁ መልሱት። የዚንክና ፎስፈረስ ማጠናከሪያም ዘይት ለሚበላ መኪና አይሆንም፤ ፎስፈረሱ ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው በኩል ሲያልፍ የጋዝ ማጣሪያውን ካታሊስት ይሸፍነዋል።

ደረጃ 7፦ የተጣበቀ ፋሻን መንከር

እኔን የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ደግሞም ወደ ዘይቱ አይጨመርም። ሞተሩ ለብ ሲል ካንዴላዎቹን አውጡ። ፒስተኖቹ መሃል ላይ እንዲሆኑ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። በየቀዳዳው ትንሽ የካርቦን ማሟሟያ ፈሳሽ አፍስሱ። አሳድሩት። ጠዋት ፈሳሹ ወደ ታች ሰርጎ ከሄደ ጥሩ ምልክት ነው፤ መንገድ አግኝቷል።

አሁን ጥንቃቄ። ካንዴላ ሳትመልሱ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሞተሩን በቁልፍ አዙሩ፤ የቀረው ፈሳሽ ይተፋ። ፊታችሁን አርቁ፣ አካባቢውም እሳት አይኑርበት። ፈሳሽ እያለ ካንዴላ ብታስሩ ፒስተኑ የማይታመቅ ነገር ይገፋና የፒስተኑ ዘንግ ሊታጠፍ ይችላል። ከዚያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፤ ፈሳሹ ወደ ታች ስለወረደ አሮጌው ዘይት ቀጥኗል። ስታስነሱት ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ያጨሳል። አትደንግጡ፤ የገባው ፈሳሽ እየተቃጠለ ነው።

ደረጃ 8፦ ካፈሰሳችሁ በልኩ አፍስሱ

ወደ ዘይቱ የሚገባ ነገር ከመረጣችሁ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ጠርሙስ ከቀላቀላችሁ የቱ እንደሠራ፣ የቱ እንዳበላሸ አታውቁም። የጠርሙሱንም መጠን ከዘይቱ ቀንሱ፤ ሞተሩ 4 ሊትር ቢይዝና ጠርሙሱ 400 ሚሊ ሊትር ቢሆን 3.6 ሊትር ዘይት ነው የምትሞሉት። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየደበደበ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም።

በነገራችን ላይ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ይህን ሁሉ ገልብጣችሁ አንብቡት። የዘይት መለኪያውን አውጡና ዘይቱን በሁለት ጣት ቆንጥጡ። ጣታችሁን ስትለያዩ እንደ ማር እየተዘረጋ የሚከተላችሁ ከሆነ፣ አንድ ነገር ተሸፍኖላችኋል። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ካላስነሳችሁ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ደረጃ 9፦ መልሳችሁ ለኩ

ጆሮአችሁን አትመኑ። ገንዘብ የወጣበት ነገር ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ያንኑ 1,000 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ ያንኑ ቦታ ላይ ለኩ፣ ኮምፕሬሽኑንም ድገሙት። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሁለተኛ ጠርሙስ አትግዙ።

የእኔ ሦስተኛ ሲሊንደር ከ115 ወደ 138 ወጣ። በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ይበላ የነበረው 400 ሚሊ ሊትር ሆነ። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የንክሩ፣ ምን ያህሉ የዚያች ቫልቭ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ነበር የሠራኋቸው። መካኒኩ አሁንም ሞተሩ መውረድ አለበት ይላል። ምናልባት ልክ ነው። እስከዚያው ግማሽ የቀረለት የዘይት ጠርሙስ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አለ፤ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት መለኪያውን አወጣለሁ።